ሜዳው አግዞት ነው ወይስ እራሱ ጎበዝ ነው? ስለ ቤዝቦል ስታዲየሞች እና ስለ ኦልስታር ምርጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየአመቱ ጁን ላይ የኦልስታር (የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ሁለቱ ሊጎች፣ የአሜሪካን ሊግ እና የናሽናል ሊግ፣ በአመቱ አጋማሽ ምርጦቻቸውን የሚያጋጥሙበት ጨዋታ) ድምፅ መስጠት ሲጀመር ያው ክርክር ይመጣል፣ "እሱማ ዴንቨር ስለሚጫወት ነው"፣ "የሱ ከተማ ሜዳ እኮ ጠባብ ነው"፣ "ሲያትል ላይ ቢጫወት እናየው ነበር" ምናምን። ሜዳውም ይኸው ፈረሱም ይኸው ይባላል በኛ አገር፣ ቤዝቦል ላይ ግን ችግሩ ሜዳው ለሁሉም ፈረስ አንድ አይነት አለመሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ የምጠየቃቸውን ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ፣ የራሴንም አቋም አልደበቅኩም።

ሜዳ ሜዳ ነው እንጂ ምን ልዩነት ያመጣል?

እግር ኳስ ለለመደ ሰው ይሄ ነገር ግር ይላል። እግር ኳስ ላይ ሜዳው ትንሽ ሊሰፋ ሊጠብ ይችላል እንጂ ጎሉ የትም ብትሄዱ 7.32 በ2.44 ሜትር ነው። ቤዝቦል ላይ ግን በደንብ የተለካው የውስጠኛው ክፍል ነው፣ ከቤዝ ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስባቸው ማዕዘኖች) 90 ጫማ፣ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ከሚወረውርበት እስከ መቺው 60 ጫማ ከ6 ኢንች፣ በቃ። አጥሩ የት ይቁም፣ ምን ያህል ይርዘም የሚለው በአብዛኛው እንደ ከተማው፣ እንደ ሰፈሩ፣ አንዳንዴም እንደ መንገዱ ነው።

ቦስተን ያለውን ፌንዌይ ፓርክ እዩት። በ1912 ነው የተከፈተው፣ በግራ በኩል ከኋላው መንገድ ስላለ አጥሩ 310 ጫማ ላይ ያልቃል፣ እሱን ለማካካስ ደግሞ 11 ሜትር ከፍታ ያለው አረንጓዴ ግድግዳ ቆሟል፣ ግሪን ሞንስተር የሚሉት። ሌላ ከተማ ላይ ተጫዋች ቆሞ የሚቀልበው ከፍ ያለች ኳስ እዛ ግድግዳውን ነክታ መቺው ሁለተኛ ቤዝ ላይ ይገኛል። በተቃራኒው ደግሞ ዝቅ ብላ እንደ ጥይት የሄደች፣ ሌላ ቦታ ሆም ራን (አጥሩን አልፋ የምትወጣ ምት) የምትሆን ኳስ ግድግዳው ይመልሳታል። ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም በቀኝ ጠርዝ 314 ጫማ ብቻ ስለሆነ በግራ እጁ ለሚመታ ሰው ሰርግና ምላሽ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ኦራክል ፓርክ ሄዳችሁ ያው ግራኝ መቺ ከባህሩ ንፋስ፣ ከረጅም ግድግዳ እና ገደል ከሚያክል የቀኝ መሀል ሜዳ ጋር ይታገላል። ያቺው አንዲት ምት ናት እንግዲህ፣ ኒውዮርክ ላይ ሆም ራን፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንድ ሰው ሮጦ የሚቀልባት።

ዴንቨር ላይ ምን አለ ሁሉም የሚያወራው?

አየሩ ነዋ። ዴንቨር ከባህር ጠለል በላይ አንድ ማይል ነው፣ 1,609 ሜትር። የሮኪስ ቡድን የሚጫወትበት ኩርስ ፊልድ (1995 ላይ ነው የተከፈተው) የላይኛው ደርብ ላይ አንድ ረድፍ ወንበር ለብቻው ሀምራዊ ቀለም ተቀብቷል፣ እዛ የተቀመጠ ሰው ልክ አንድ ማይል ላይ ነው ማለት ነው። ኮሎራዶ ያላችሁ ወገኖች ሄዳችሁ ፎቶ ተነስታችሁበት ይሆናል።

እኛ ከፍታ ሲባል ቶሎ ወደ ሯጭ ነው የምናስበው፣ ኦክስጅን ማነስ፣ ሳንባ፣ በቆጂ። ኳስ ግን ሳንባ የላትም! ለኳስ አየሩ ሲሳሳ የሚገፋት ነገር ቀነሰ ማለት ነው፣ ስለዚህ ራቅ ብላ ትሄዳለች። ሁለተኛው ነገር ደሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፣ ፒቸር የሚወረውራት ኳስ የምትጠመዘዘው በስፌቷና በሽክርክሪቷ አየሩን እየገፋች ስለሆነ አየሩ ከሳሳ ጥምዝዟም ይቀንሳል። ባህር ዳርቻ ከተማ ላይ መቺው እግር ስር የምትወድቅ ከርቭቦል ዴንቨር ላይ መሀል ላይ ተንሳፍፋ ትመጣለታለች።

ሶስተኛው፣ ሆም ራን እንዳይበዛ ብለው አጥሩን ራቅ አድርገው ሰሩት፣ መሀል ላይ 415 ጫማ ነው። እሱ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ፣ ሜዳው ሲሰፋ ኳስ የምታርፍበት ባዶ ቦታ በዛ። ስለዚህ እዛ የሚበዛው ሆም ራን ብቻ አይደለም፣ ሲንግሉም ደብሉም ትሪፕሉም (መቺው አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት ቤዝ የሚደርስባቸው ምቶች) ነው። 1999 ላይ በዛ አንድ ስታዲየም ብቻ 303 ሆም ራን ተመትቷል። ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበት ያለው ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ (ሂውሚዶር ይሉታል)፣ ደርቀው እንዳይነጥሩ ማለት ነው፣ ነገሩ ቀነሰ ግን አልጠፋም። አሁን ከ2022 ወዲህ 30ውም ስታዲየም እሱን ይጠቀማል።

ፓርክ ፋክተር የሚሉት ምንድን ነው?

ቀላል ሂሳብ ነው፣ አትፍሩት። አንድ ቡድን ቤቱ ሲጫወት በአንድ ጨዋታ በአማካይ ስንት ነጥብ ይቆጠራል? የሁለቱም ቡድን ተደምሮ ነው፣ የባለሜዳውም የእንግዳውም። ያው ቡድን ከሜዳው ውጪ ሲጫወትስ ስንት ይቆጠራል? የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ማካፈል ነው። ለምሳሌ ቤቱ 11፣ ውጪ 10 ከሆነ 1.10 ይመጣል፣ በ100 አባዝተው 110 ይሉታል። 100 ማለት መካከለኛ ሜዳ ነው፣ ከዛ በላይ ለመቺ የሚያደላ፣ ከዛ በታች ለፒቸር የሚያደላ።

የሁለቱም ቡድን ነጥብ የሚደመረው ለምን መሰላችሁ፣ ባለሜዳው ቡድን ጎበዝ ቢሆንም ሰነፍ ቢሆንም ያው ቡድን ስለሆነ በቤትም በውጪም ያለው፣ የቡድኑ ጉብዝና ይጣፋል፣ የሚቀረው የሜዳው ፀባይ ነው። ብልህ ሰው ነው ያሰበው።

አንድ ስህተት ግን ሁልጊዜ አያለሁ። ስታትካስት (የሊጉ መለኪያ ስርአት) የሚያወጣውን ኩርስ ፊልድ 112 አካባቢ የሚለውን ቁጥር ያዩና የተጫዋቹን ውጤት በሙሉ 12 በመቶ ይቀንሱበታል። ተጫዋቹ እኮ ከ162 ጨዋታ 81ዱን ነው ቤቱ የሚጫወተው! ግማሹ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ የሚነካው በግማሹ ነው፣ ወደ 6 በመቶ ገደማ። ቤዝቦል ሪፈረንስ እና ፋንግራፍስ የሚባሉት ድረገፆች ላይ ያሉት ደግሞ ቀድመው ግማሽ ተደርገው የተቀመጡ ናቸው፣ እሱን እንደገና በግማሽ ብታካፍሉት ሌላ ስህተት። የትኛውን እንደያዛችሁ እወቁ ነው የምለው።

ሂሳቡን እራስህ መስራት ካልፈለግክ ኦፒኤስ ፕላስ የሚባለውን የመቺ መለኪያ እይ፣ ለፒቸር ደግሞ ኢአርኤ ፕላስ (ኢአርኤ ራሱ ፒቸሩ በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ ነው፣ ሲያንስ ይሻላል)። ሁለቱም ሜዳውን አስገብተው ያሰሉ ናቸው፣ 100 መካከለኛ፣ 130 ከመካከለኛው በ30 በመቶ የተሻለ።

ለመሆኑ ኦልስታርን ማነው የሚመርጠው? ስለ ሜዳ የሚል ህግ አለ?

ምንም ህግ የለም። በእያንዳንዱ ሊግ 32 ሰው ይመረጣል፣ 20 ተጫዋች እና 12 ፒቸር። ጨዋታውን የሚጀምሩትን መቺዎች ደጋፊው በድምፅ ይመርጣል፣ ፒቸሮችን እና ተጠባባቂዎችን ደግሞ ተጫዋቾቹ እራሳቸው በሚሰጡት ድምፅና የሊጉ ኮሚሽነር ቢሮ ናቸው የሚሞሉት። ማንም ሰው ድምፅ ሲሰጥ "ሜዳውን አስበሃል ወይ" ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ታዲያ አንተ ምን ትላለህ፣ ይግባ ወይስ አይግባ?

ይግባ፣ ግን ቦታውን ይዞ። ይሄን በአትሌቲክስ ባስረዳችሁ ይሻላል።

2011 ላይ ቦስተን ማራቶን ኬንያዊው ጆፍሪ ሙታይ 2:03:02 ገባ። ያኔ የአለም ሪከርድ የኛው የኃይሌ ገብረስላሴ ነበር፣ በርሊን ላይ በ2008 የሮጠው 2:03:59። በሰአት ካየነው ሙታይ የኃይሌን ሪከርድ በደንብ አድርጎ ሰብሮታል፣ ግን አልተመዘገበለትም። ለምን? የቦስተን መንገድ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚያልቅ ነው፣ ቁልቁለቱም በህጉ ከተፈቀደው በላይ ነው፣ ህጉ በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር በላይ መውረድ የለበትም ይላል። እንደ ሪከርድ የኃይሌ እዛው ቆየ፣ በዛው አመት ፓትሪክ ማካው በርሊን ላይ እስኪሰብረው ድረስ። ልብ በሉ ግን፣ ማንም የሙታይን ሜዳሊያ አልነጠቀም። ቦስተንን አሸንፏል፣ አሸንፏል ነው። ሶስተኛ የወጣው የኛው ገብረእግዚአብሄር ገብረማርያምም "መንገዱ ቁልቁለት ነው" ተብሎ ሶስተኛነቱ አልተሰረዘም።

እንግዲህ ኦልስታር ላይ ሁለቱም ነገር አለ። የተመታው ሆም ራን ተመቷል፣ ነጥቡ ተቆጥሯል፣ ቡድኑ በሱ አሸንፏል፣ እሱን ማንም ሊቀንሰው አይገባም። ግን "ከሁለቱ ማን ይበልጣል" ብለን ስናወዳድር፣ ማለትም ሁለት ሰው ለአንድ ቦታ ሲፎካከሩ፣ ያኔ መንገዱ ቁልቁለት ነበር ወይስ ዳገት ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። በተለይ ተጠባባቂዎቹን የሚመርጡት ሰዎች ይሄ ስራቸው ነው ብዬ ነው የማምነው።

የኔ ዋና ነጥብ ግን ሌላ ነው፣ ሰው ሁሉ ፓርክ ፋክተርን የሚጠቀመው ሰው ለመጣል ነው፣ "እሱ ዴንቨር ነው፣ አውጡት"። እኔ ደግሞ በደንብ የሚጠቅመው የተረሳውን ለማንሳት ነው እላለሁ። ቀጥሎ ያለው ሰው ምስክሬ ነው።

ማነው የተረሳው?

አድሪያን ቤልትሬ። ከ2005 እስከ 2009 አምስት አመት ሲያትል ተጫወተ። የሲያትል ሜዳ (ያኔ ሴፍኮ ፊልድ ነበር ስሙ፣ አሁን ቲ ሞባይል ፓርክ) ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ያለበት፣ በግራ መሀል በኩል ደሞ በጣም የራቀ ነበር፣ ቤልትሬ ደሞ በቀኝ እጁ የሚመታ ስለሆነ ጥሩ አድርጎ የመታት ኳስ ሁሉ እዛ ሄዳ ትሞታለች። ሰውየው ሶስተኛ ቤዝ ላይ እንደ ድመት የሚይዝ ነው፣ 2007 እና 2008 ላይ የጎልድ ግላቭ (ምርጥ ተከላካይ) ሽልማት ወስዷል፣ ግን በአምስቱ አመት ውስጥ አንድም ጊዜ ኦልስታር አልሆነም። አንድም ጊዜ! ቁጥሩን ያየ ሰው "መካከለኛ መቺ ነው፣ ያን ሁሉ ብር ለምን ከፈሉት" ይል ነበር።

2010 ቦስተን ሄደ። ያ አረንጓዴ ግድግዳ አጠገቡ፣ ቀኝ መቺ፣ ውጤቱን ገምቱ፣ 0.321 መታ (ከ1,000 ሙከራ 321ዱ ሂት፣ ማለትም የተሳካ ምት እንደማለት ነው)፣ 28 ሆም ራን፣ 49 ደብል። በ31 አመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦልስታር ሆነ። ከዛ ቴክሳስ ሄዶ ሶስቴ ጨመረ፣ 3,166 ሂት እና 477 ሆም ራን ይዞ ጡረታ ወጣ፣ 2024 ላይ ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆች የዝና አዳራሽ) 95.1 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ገባ።

ሜዳው ብቻ ነው ያሳደገው እያልኩ አይደለም፣ ቦስተንም ቴክሳስም ለመቺ የሚያደሉ ሜዳዎች ስለነበሩ በተቃራኒው የተጋነነም ሊኖር ይችላል። እውነቱ መሀል ላይ ነው። ግን ያኔ ሲያትል እያለ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሜዳውን አስቦ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዴ ይጠራ ነበር። ሲያትል እራሷም ነገሩ ገብቷት ለ2013 አጥሯን ወደ ውስጥ አስገባች፣ ዛሬም ቢሆን ለመቺ ከባድ ከሆኑት አንዷ ናት። እሱን ሜዳ ቤቱ አድርጎ ነው እንግዲህ ካል ራሌ 2025 ላይ ከኦልስታር እረፍቱ በፊት 38፣ በአመቱ መጨረሻ 60 ሆም ራን የመታው፣ ያውም ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበለው) ሆኖ ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ እየዋለ።

እሺ የዴንቨር ልጆች ኦልስታርነታቸው ውሸት ነው ማለት ነው?

ኧረ በጭራሽ። ሁለት ሰው ላሳያችሁ።

አንደኛ ዳንቴ ቢሼት፣ 1999። 0.298፣ 34 ሆም ራን፣ 133 አርቢአይ (በሱ ምት የገባ ነጥብ)። በአይን ስታዩት ግሩም ነው አይደል? ሜዳውን ስታስገቡ እና ሜዳ ላይ ኳስ ሲይዝ የነበረውን ድክመት ስትጨምሩበት ዋር የሚባለው ጠቅላላ መለኪያው ከዜሮ በታች ነው የወጣው። ማለትም ከታችኛው ሊግ አንድ ልጅ ጠርተው ቢያሰልፉት ይሻል ነበር እንደማለት ነው ሂሳቡ። በዛ አመት ኦልስታር አልተመረጠም፣ ትክክል ነበሩ።

ሁለተኛ ላሪ ዎከር፣ 1997። 49 ሆም ራን መታ፣ 0.366፣ የናሽናል ሊግ ኤምቪፒ (የአመቱ ምርጥ ተጫዋች) ሆነ። አሁን ስሙኝ፣ ከ49ኙ 29ኙ ከሜዳው ውጪ ነው! ዴንቨር ላይ የመታው 20 ብቻ። "ዴንቨር ስለሆነ ነው" ለሚል ሰው ከዚህ በላይ መልስ የለም። ግን ይሄ ሰው እንኳን በዛው ሀሜት ምክንያት ሆል ኦፍ ፌም ለመግባት አስር አመት ፈጀበት፣ 2014 ላይ 10.2 በመቶ ድረስ ወርዶ ነበር፣ በመጨረሻው እድሉ 2020 ላይ በ76.6 በመቶ ለጥቂት አለፈ፣ ማለፊያው 75 ነው።

ሁለቱ ሰዎች ያው ሜዳ፣ ያው ማልያ ናቸው። ስለዚህ "ኩርስ ፊልድ" የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ መፍረድ ስንፍና ነው፣ ሂሳቡን ስሩ።

ከሜዳ ውጪ ያለውን ቁጥር ብቻ ብናይ አይቀልም?

ይቀላል፣ ግን ያሳስታል። ዴንቨር ላይ አንድ ሳምንት ያልተጠማዘዘ ኳስ ስታይ የከረመ አይን ሳንዲያጎ ወይ ሎስ አንጀለስ ሲሄድ ኳሷ በድንገት እንደ እባብ ትጠማዘዝበታለች። እስኪለምድ ሁለት ሶስት ቀን ያልፋል፣ ሲለምድ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ እንደገና ከዜሮ። ኩርስ ሀንጎቨር ይሉታል፣ ሳይጠጡ ሀንጎቨር ማለት እሱ ነው። ስለዚህ የሮኪስ ልጅ ከሜዳው ውጪ ያለው ቁጥር ከእውነተኛ ችሎታው በታች ሊሆን ይችላል፣ እሱን ብቻ ካያችሁ ሁለቴ ቀጣችሁት።

ማስረጃው ከዛ የወጡት ናቸው። ዲጄ ለሜሂው 2016 ላይ ከሮኪስ ጋር በ0.348 የሊጉ አንደኛ መቺ ሲሆን "ሜዳው ነው" ተባለ። 2019 ኒውዮርክ ያንኪስ ሄደ፣ 0.327 መታ፣ ኦልስታር ሆኖ ጀመረ፣ በቀጣዩ አመት በ0.364 የአሜሪካን ሊግ አንደኛ ሆነ። (ቀኝ መቺ ሆኖ ኳሷን ወደ ቀኝ መላክ ስለሚወድ ያቺ አጭር የቀኝ አጥር እንደጠቀመችው አልክድም።) ኖላን አሬናዶም 2021 ላይ ሴንት ሉዊስ ሄደ፣ እሱ ደሞ ለመቺ የማያመች ሜዳ ነው፣ ሶስት አመት በተከታታይ ኦልስታር ሆነ፣ 2022 ላይ በኤምቪፒ ምርጫ ሶስተኛ ወጣ። ከዴንቨር ሲወጣ ይፈርሳል ያሉት ሰዎች ድምፃቸው ጠፋ።

ፒቸሮችስ?

ፒቸሮች ጋር ነው እንደውም ትልቁ በደል ያለው፣ ምክንያቱም ለመቺ የሆም ራን ቁጥር ሲጋነን ሁሉም ይጮሀል፣ የፒቸር ኢአርኤ በሰፊ ሜዳ ሲያምር ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ሳንዲ ኮፋክስ ዶጀር ስታዲየም ላይ በጠቅላላ ዘመኑ 1.37 ኢአርኤ ነው ያለው! ታላቅነቱን አልነካም፣ የትም ቢጫወት ታላቅ ነው፣ ግን ያ ሜዳ አላገዘውም የሚል ሰው ይዋሻል።

ዴንቨር ላይ የሚወረውር ልጅ ግን ማን ያስታውሰዋል። ካይል ፍሪላንድ፣ የዛው የዴንቨር ልጅ ነው፣ 2018 ላይ አመቱን በ2.85 ኢአርኤ ጨረሰ፣ ቤቱ ላይ ደሞ 2.40 ነበር። ኩርስ ፊልድ ላይ 2.40! ሳይ ያንግ (የአመቱ ምርጥ ፒቸር) ሽልማት ላይ አራተኛ ወጣ፣ በዛ አመት ኦልስታር ግን አልነበረም፣ ከሮኪስ የተመረጡት ሶስቱም መቺዎች ነበሩ። እኔን እስከዛሬ ያናድደኛል። ከዛ በፊት 2010 ላይ ኡባልዶ ሂሜኔዝ 15 ድል፣ 1 ሽንፈት እና 2.20 ኢአርኤ ይዞ እረፍቱ ላይ ሲደርስ የናሽናል ሊግን ጨዋታ እንዲጀምር አድርገውታል፣ እሱ ግን እንዴት ብለው ይለፉት፣ አይን ያወጣ ነገር ነበር። ችግሩ እንደዛ አይን ሳያወጣ 3.50 ላይ ያለው ልጅ ነው፣ ዴንቨር ላይ 3.50 ማለት ሲያትል ላይ ስንት እንደሆነ የሚያሰላለት ሰው ሲጠፋ።

ግማሽ ሲዝን ብቻ ተጫውተው እንዴት ሜዳውን ማስላት ይቻላል?

ጥሩ ጥያቄ። ኦልስታር ላይ ሲደረስ ከ162ቱ ወደ 95 ጨዋታ ነው የተደረገው፣ ከዛ ቤት የተደረገው 47 ምናምን። በዛ ብቻ የሜዳን ፀባይ ማወቅ አይቻልም፣ አንድ ሳምንት ንፋስ ከነፈሰ ቁጥሩ ይገለበጣል። ለዛ ነው ስታትካስት የሶስት አመት አማካይ የሚጠቀመው።

የሶስት አመት አማካይ ደሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ሜዳው ቢቀየርስ? ባልቲሞር ካምደን ያርድስ ላይ 2022 የግራውን አጥር ወደ ኋላ ገፍተው ከፍ አደረጉት፣ ቀኝ መቺው ሁሉ አለቀሰ፣ 2025 ላይ መልሰው አስጠጉት። የሶስት አመቱ ቁጥር ስለየትኛው አጥር ነው የሚያወራው? በዛው 2025 ደግሞ አትሌቲክስ (የቤዝቦል ቡድን ስም ነው) ከኦክላንድ ለቅቀው ዌስት ሳክራሜንቶ የታችኛው ሊግ ሜዳ ላይ፣ ሬይስ የሚባሉት ደሞ የስታዲየማቸውን ጣሪያ አውሎ ነፋስ ስለገነጠለው ታምፓ ውስጥ ያንኪስ ለልምምድ በሚጠቀሙበት ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ከረሙ። ለነዚህ በሜጀር ሊግ ጨዋታ የተሰላ የቆየ ቁጥር ከየት ይመጣል? የአትሌቲክሱ ጀማሪ ጄከብ ዊልሰን በዛ አመት በደጋፊ ድምፅ ኦልስታር ላይ ጀምሯል፣ ሜዳው ምን ያህል አግዞታል ብሎ በሀምሌ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ሰው አልነበረም። እንዲህ ሲሆን ልኩን አውቆ ዝም ማለት ነው፣ በግምት ሂሳብ ሰው አይጣልም።

አንድ ደሞ አለ፣ አንድ ቁጥር ለሁሉም መቺ አይሰራም። ያንኪ ስታዲየም ለግራኙ ጠባብ ነው፣ ለቀኙ በግራ መሀል ሰፊ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ግራኝ ነው ቀኝ የሚለውን ለዩ።

እኔ ተራ ደጋፊ ነኝ፣ ድምፅ ስሰጥ ይሄን ሁሉ ማሰብ አለብኝ?

አይ፣ ደስ ያለህን ምረጥ። ደጋፊው የሚመርጠው ማየት የሚፈልገውን ነው፣ ጨዋታው እራሱ 1933 ቺካጎ ላይ ሲጀመር ለትርኢት ነው የተጀመረው። የደጋፊ ፍቅር ገደብ ሲያልፍ ምን እንደሚሆንም ታይቷል፣ 1957 ላይ የሲንሲናቲ ሰዎች ድምፅ አጨናንቀው ሰባት የራሳቸውን ተጫዋች ቋሚ አስመረጡ። ኮሚሽነሩ ፎርድ ፍሪክ ሁለቱን አንስቶ ዊሊ ሜስን እና ሀንክ አሮንን አስገባ፣ ከዛ ደጋፊው ድምፅ የመስጠት መብቱን እስከ 1970 ተነጠቀ። ያን ጊዜ ያጣላው ፓርክ ፋክተር አልነበረም፣ የሰፈር ልጅ ነው።

ግን ተጫዋቾቹ እና የሊጉ ቢሮ ሌላ ናቸው። እነሱ ቁጥሩ እጃቸው ላይ ነው፣ ኦልስታር መሆን ደሞ ለብዙ ተጫዋች ውል ላይ ቦነስ አለው፣ ደሞዝ ሲደራደር ይጠቀሳል፣ ሆል ኦፍ ፌም ላይ "ስንቴ ኦልስታር ሆነ" ተብሎ ይቆጠራል። እንጀራ የሚነካ ነገር ላይ ሜዳውን አላየሁም ማለት አያምርም።

ከእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አንድ ሰው ይኑር የሚለው ህግ ይሄን አይፈታውም?

አይፈታም፣ ሌላ ጉዳይ ነው። 2025 ላይ ሮኪስ 119 ጨዋታ ተሸንፈው ካቸራቸው ሀንተር ጉድማን ሄዷል፣ ለሱም ይገባው ነበር። ህጉ ከቡድኑ ሰው እንዳይጠፋ ያደርጋል እንጂ ትክክለኛው ሰው መሆኑን አያረጋግጥም። ያው ቅድም ያልኩት ፍሪላንድ ሶስት ሰው ከተጠራበት ቡድን ነው የቀረው።

ጨዋታው የሚደረግበት ሜዳስ ይታሰብ?

አያስፈልግም፣ አንድ ቀን ጨዋታ ነው። ከ2003 እስከ 2016 ያሸነፈው ሊግ ወርልድ ሲሪስ (የአመቱ ፍፃሜ) ላይ የሜዳ እድል ያገኝ ስለነበር ያኔ ቢባል ይገባኝ ነበር፣ አሁን ቀርቷል። ኩርስ ፊልድ 1998 ላይ ሲያስተናግድ 13 ለ 8 አለቀ፣ ሰው ተዝናና፣ ሄደ።

የመጨረሻ፣ አዲስ አበባ ላይ ስታዲየም ቢሰራስ?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ዴንቨርን ቁልቁል ነው የምታየው። የሚቀርባት ሜክሲኮ ሲቲ ነው፣ 2,240 ሜትር፣ ማሞ ወልዴ በ1968 ማራቶን ያሸነፈበት ከተማ። ኤፕሪል 2023 ላይ ፓድሬስ እና ጃያንትስ እዛ ሄደው ተጫወቱ፣ የመጀመሪያው ቀን 16 ለ 11 አለቀ፣ በአንድ ጨዋታ 11 ሆም ራን። አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ቢሆን መቺው ሁሉ ኦልስታር ነው፣ ፒቸር ሁን ብላችሁ የምትለምኑት ሰው ግን ከየት እንደምታገኙ እኔ እንጃ።